አንድ ግቢ፣ አራት ሂሳብ፦ የመኪና መሸጫችንን ክፍሎች ለየብቻ ማስላት ስንጀምር የያዝኩት ማስታወሻ

ሰኔ 2017

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ መካከለኛ የመኪና አስመጪ ድርጅት ነው። ፋይናንሱን እመራለሁ። ከፊት ሾውሩም አለን። ከኋላ ጋራዥ፣ ከጎኑ የመለዋወጫ መጋዘንና ሱቅ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የቦዲና ቀለም ክፍል። አራቱም በአንድ ግቢ፣ በአንድ ንግድ ፈቃድ፣ በአንድ ቲን ነምበር ነው የሚሠሩት። ዓመቱ ሲያልቅ አንድ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ እናወጣለን። በቃ።

ሁሉም ከአንድ መሶብ ሲበላ ማን ስንት እንደጋገረ አይታወቅም። ሽያጭ በሚሊዮን ስለሚያወራ ቤቱን ያቆመው እሱ ይመስላል። ጋራዡ በሺህ ስለሚያወራ ዝም ብሎ ለደንበኛ ደስታ የተከፈተ ይመስላል። ስብሰባ ላይም የመናገር ቅደም ተከተሉ እንደዚያው ነው። ግን ዶላር ጠፍቶ ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) ሳይከፈት የቀረባቸውን ወራት አስታውሳለሁ። ሾውሩሙ ባዶውን ቆሞ ነበር። ደሞዝ ግን አንድም ወር አልዘገየም። ያ ገንዘብ የመጣው ከዘይት ቅየራ፣ ከፍሬን ሸራና ከተገጨ ፓራውልት ነው። የትኛው ምን ያህል እንዳመጣ ግን በወረቀት ላይ የለም።

ይህን ለባለቤቱ ነገርኩት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ግብር ላይ ችግር ያመጣል?» አያመጣም። ለገቢዎች የሚቀርበው ሂሳብ ያው አንዱ ነው፤ ትርፍ ግብሩም ያው 30 በመቶ ነው። የምንከፋፍለው ለራሳችን ዓይን ነው። «እንግዲያው ከሐምሌ አንድ እንጀምር» አለ።

ሐምሌ 2017

ሥራው ከፒችትሪ፣ ከሂሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌራችን ጀመረ። በእያንዳንዱ የገቢና የወጪ ሂሳብ ቁጥር ጫፍ ላይ ሁለት አሃዝ ጨመርን። 10 ሽያጭ፣ 20 ሰርቪስ፣ 30 መለዋወጫ፣ 40 ቦዲና ቀለም። የማንም ያልሆነው 90 ላይ ይቀመጣል። ልጆቹ ቶሎ ለመዱት። አሁን ቫውቸር የሚያመጣ ሰው መስኮቱ ላይ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «የስንት ቁጥር ነው?» ሆኗል።

ቀጥተኛው ወጪ አላስቸገረንም። የሜካኒክ ደሞዝ የ20 ነው፤ ቀለምና ስቱኮ የ40 ነው። የሚያጣላው 90 ነው። የግቢው ኪራይ፣ ጥበቃ፣ የጄኔሬተር ናፍጣ፣ የእኔ ክፍል ደሞዝ፣ የባለቤቱ ስልክ ሳይቀር።

ኪራይን በካሬ ማከፋፈል የተለመደ ነው። እኛ ግቢ ላይ ግን አይሠራም። ጋራዡ ሰፊ ነው፣ ግን ከኋላ ነው። ሾውሩሙ ጠባብ ነው፣ ግን አስፋልት ዳር ነው። በካሬ ብቻ ብናሰላ ከኪራዩ አብዛኛው ጋራዡ ላይ ይወድቃል። አከራያችን ግን ያን ሁሉ ብር የጠየቀን ለመንገዱ ፊት ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ውስጥ የመንገድ ዳር ሱቅ በካሬ ስንት እንደሚከራይ፣ የኋላ ግቢ ስንት እንደሚከራይ ጠይቄ በዚያ ልዩነት ከፋፈልኩት። የሽያጭ ኃላፊዋ ደስ አላላትም። ግን ሄዳ ራሷ ጠየቀችና ተቀበለችው።

መብራት ላይ መገመት አልፈለግሁም። የቀለም ኦቨኑና የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀሩ ብዙ ይበላሉ። ለሁለቱም ለየብቻ ትንንሽ ቆጣሪ አስገጠምን። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ጭቅጭቅ ግን ይጨርሳል።

ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላም ሪፖርቱ ላይ ሁለት መስመር አደረግሁ። የመጀመሪያው «የክፍሉ የራሱ ውጤት» ነው። ኃላፊው በእጁ ያለውን ገቢና ወጪ ብቻ ይይዛል። ሁለተኛው የጋራ ወጪው ድርሻ ከተቀነሰ በኋላ ያለው ነው። ኃላፊዎች የሚጠየቁት በመጀመሪያው ነው። የጋራዡን ፎርማን በጥበቃ ደሞዝ ጭማሪ ብጠይቀው ምን ይመልስልኛል? ጥበቃውን አልቀጠረም፣ ማሰናበትም አይችልም። ሰው ሊቀይረው በማይችለው ነገር ሲለካ መጀመሪያ ይከራከራል፣ ቀጥሎ ሪፖርቱን ማንበብ ያቆማል።

ለሌሎች አካውንታንቶች ደግሞ አንድ ነገር። ክፍሎች እርስ በርስ ሲሸጣጡ በሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ደረሰኝ አይቆረጥም። ለውጭ ሰው የተሸጠ ነገር የለማ፤ ተጨማሪ እሴት ታክስም የለበትም። እኛ ሰማያዊ የውስጥ ማስታወሻ አሳተምን። ሁለቱ ኃላፊዎች ይፈርሙበታል፣ ሂሳብ ክፍል ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው ይመዘግባል። ከውጭ ደረሰኝ ጋር እንዳይቀላቀል ቀለሙም ፎልደሩም የተለየ ነው።

ነሐሴ 2017

የዚህ ሁሉ ሥራ እምብርቱ ይኼ ወር ላይ ነው። የውስጥ ዋጋ።

ክፍሎችን በወረቀት መለየት ማንም ይችላል። አንዱ ለሌላው በስንት ይሸጣል የሚለው ካልተስማማን ግን የሚወጣው ትርፍ ሁሉ የፈጠራ ነው። ዋጋውን ከፍ ሳደርገው ጋራዡ ያተርፋል፣ ዝቅ ሳደርገው ሽያጭ ያተርፋል። ድርጅቱ አንድ ሳንቲም አልጨመረም።

የመጀመሪያው ክርክር አዲስ መኪና ለደንበኛ ከመሰጠቱ በፊት የሚደረገው ምርመራ ላይ ነበር። ከወደብ የመጣ መኪና ላስቲኩ ይላጣል፣ የጎማ አየር ይስተካከላል፣ ፈሳሹ ይታያል፣ ባትሪው ይለካል፣ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ይፈተሻል፣ ይታጠባል። ይህን የሚሠራው ጋራዡ ነው። እስከ አሁን ማንም ለማንም ከፍሎ አያውቅም።

ቁጥሩን አቅልዬ ልጻፈው። ሥራው 4 ሰዓት ይወስዳል እንበል። ለውጭ ደንበኛ የሰዓት ዋጋው 1,500 ብር ነው። ለጋራዡ ደግሞ አንድ ሰዓት 600 ብር ያስወጣዋል። የሽያጭ ኃላፊዋ «በወጪው ይሁን፣ አንድ ቤት አይደለን?» አለች። ያ 2,400 ብር ነው። ፎርማኑ «እኔ ለአንቺ ስሠራ ውጭ የቆመው ደንበኛ ሄደ» አለ። የእሱ 6,000 ብር ነው።

ሁለቱም እውነት አላቸው። የማን እውነት እንደሚያመዝን የሚወስነው የሥራ ቦታው መሙላቱ ነው። ሊፍቱ፣ ማለትም መኪና ማንሻው፣ ባዶ ከሆነ ጋራዡ በወጪው ቢሠራም ምንም አላጣም። ሊፍቱ ከተያዘ ግን የምርመራው እውነተኛ ዋጋ የሄደው ደንበኛ ይከፍል የነበረው ብር ነው። የእኛ ጋራዥ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ አለው፤ ከሰዓት በኋላ ይላላል።

የተስማማነው እንዲህ ነው። መነሻው የገበያ ዋጋ ነው። ከዚያ ላይ ጋራዡ በውስጥ ሥራ የማያወጣው ይቀነሳል። ደንበኛ መቀበል የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ ሳይከፍል የሚጠፋ ሰው የለም። ሰዓቱ 1,200፣ ሥራው 4,800 ብር ሆነ። ሽያጭ መኪናውን ከሰዓት በኋላ ካመጣ ደግሞ ተጨማሪ ቅናሽ ያገኛል። ይቺ የመጨረሻዋ የፎርማኑ ሐሳብ ናት። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሽያጭ መኪኖች ወደ ከሰዓት ዞሩ። በፊት በቃል ስንለምነው የኖርነው ነገር ነው።

ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊትም ነበረ። በፈረንጆቹ 1920ዎቹ የአሜሪካው መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ በመሪው በአልፍሬድ ስሎን ዘመን ራሳቸውን በቻሉ ክፍሎች ሲደራጅ፣ ባትሪ የሚሠራው ክፍል መኪና ለሚሠራው ክፍል በስንት ይሽጥ የሚለው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር። መርሁ የገበያ ዋጋ ነው። ገዢው ክፍል ውጭ በተሻለ ካገኘ ከውጭ መግዛት ይችል ነበር። ስሎን ራሱ የመጣው ከኩሽኔታ ፋብሪካ ነው። ሀያት ከሚባለው። ለመኪና ፋብሪካዎች ዕቃ ሸጦ ያደገ ሰው የውስጥ ዋጋ ቢገባው አይገርምም።

እኛም የውጭ ምርጫ ፈቅደናል፤ ግን በልክ። ሽያጭ እጥበትና ፖሊሽ ውጭ ማሠራት ይችላል። ምርመራውን አይችልም፤ የአምራቹ ዋስትና የተያያዘው እሱ ላይ ነውና።

ሁለተኛው ክርክር አጭር ነበር፣ ግን ብዙ ብር አዳነ። ሻጮቻችን ድርድር ሲከብዳቸው «የመጀመሪያዎቹን ሰርቪሶች በነፃ እናደርግልሃለን» ይላሉ። ለሻጩ ነፃ ነው፣ ለደንበኛው ነፃ ነው፣ ጋራዡ ግን ይሠራል። ከነሐሴ ጀምሮ እያንዳንዱ ነፃ ሰርቪስ በሰማያዊ ማስታወሻ ወደ 10 ቁጥር ይሄዳል። መስጠት አልተከለከለም። የሰጠው ይከፍላል፣ በቃ። ልማዱ በፍጥነት ቀነሰ። አሁን ሻጮቹ ነፃ ሰርቪስ የሚሰጡት ደንበኛው ሊሄድ ሲል ነው፣ ስንት እንደሚያስከፍላቸውም ያውቃሉ።

በግልባጩ፣ ጋራዡ ሠርቶ የመለሰው መኪና በዚያው ችግር ተመልሶ ከመጣ የሁለተኛው ሥራ ወጪ የጋራዡ ነው። ፎርማኑ ይህን ሳይጠየቅ ነው የፈረመው።

መስከረም 2018

ከበዓል በኋላ የጋራዡን ሰዓት መቁጠር ጀመርን። ጋራዥ የሚሸጠው ጊዜ ነው። አሥር ሜካኒክ በወር ሁለት ሁለት መቶ ሰዓት ግቢ ውስጥ ቢውሉ 2,000 ሰዓት ነው። ለደንበኛ የተሸጠው 1,100 ቢሆን 55 በመቶ መሆኑ ነው። ቀሪው የት ሄደ?

አንድ ጆብ ካርድ (የአንድ መኪና ሥራ የሚመዘገብበት ወረቀት) ይዤ መከታተል ፈለግሁ። ፎርማኑ «ልጄ፣ ቢሮ ሆነሽ አይታይሽም፣ ነይ እዚህ ቁሚ» አለኝ። ቆምኩ።

አሮጌ ኮሮላ ነው። የፊት ቀኝ ጎማ ሲሄድ ይጮኻል። ካርዱ የተከፈተው 2 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ሜካኒኩ መኪናውን ከፍ አድርጎ ጎማውን በእጁ አሽከረከረው፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ «ኩሽኔታ ነው» አለ። አሥር ደቂቃም አልፈጀበትም። ከዚያ ወደ መለዋወጫ መስኮት ሄደ። ሰልፍ አለ። የመስኮቱ ሰልፈኛ ከመንገድ የመጣ ገዢም ነው፣ የእኛም ሜካኒክ ነው። ተራው ሲደርስ ስቶር ኪፐሩ ቢን ካርዱን (የዕቃውን ብዛት የሚይዘውን ካርድ) አየና «የለም» አለው። ሜካኒኩ ተመልሶ ለፎርማኑ ነገረው፣ ፎርማኑ ለደንበኛው ደወለ፣ ደንበኛው ስልክ አላነሳም። ኮሮላው ሊፍት ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ሊፍቱም በእሱ ተያዘ።

ረፋድ ላይ መለዋወጫ ክፍል ገባሁ። ያ ኩሽኔታ መደርደሪያው ላይ ነበር። አንድ ፍሬ። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «ተይዟል» ተብሎ ተጽፏል።

የመለዋወጫ ኃላፊውን ጠየቅሁት። አልደበቀኝም። ለጋራዥ ሲሰጥ በውስጥ ቅናሽ ነው፤ ለመንገድ ደንበኛ ሲሸጥ በሙሉ ዋጋ ነው። አንድ ፍሬ ከቀረው ለማን እንደሚያስቀምጥ ግልጽ ነው። «ትርፌን ነው የምትለኩት አላላችሁም?» አለ።

ልክ ነው። ክፍሎችን ስንለይ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ የጠበቅሁት ግን ቦዲ ላይ ነበር። የመለዋወጫ ኃላፊው በ30 ቁጥር ጥቂት መቶ ብር አተረፈ። ድርጅቱ ግን የጋራዡን የእጅ ዋጋ አጣ፣ ሊፍቱ ግማሽ ቀን ተያዘ፣ ባለኮሮላውም «ዕቃ የላቸውም» ብሎ ለጓደኞቹ ሊያወራ ነው። መፍትሔው ሰውየውን መቆጣት አይደለም። የምንለካበትን ማስተካከል ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ቀየርን። አንደኛ፣ በጋራዥ ሥራ ላይ የሚገጠም ዕቃ የደንበኛው ደረሰኝ ላይ በሙሉ ዋጋ ነው የሚወጣው፤ ያ ትርፍ ሙሉ በሙሉ ለመለዋወጫ ይመዘገባል። የውስጥ ቅናሹ ጠፋ። ጋራዡ ከእጅ ዋጋው ያተርፋል፣ መለዋወጫ ከዕቃው። ለጋራዥ መስጠትና ለመንገድ መሸጥ አሁን ለኃላፊው እኩል ነው። ሁለተኛ፣ መለዋወጫ ከትርፉ ጋር ሌላ ቁጥር ተሰጠው። ሜካኒክ ከጠየቃቸው ዕቃዎች ስንቱ በዚያው ቅጽበት ተገኘ? ይህ ቁጥር ከወረደ የወሩ ጉርሻ ይቀንሳል።

ለሜካኒኮች ብቻ የሚሆን ትንሽ መስኮት ከጓሮ በኩል ተከፈተ። ግድግዳ ነደልን፣ በር ገጠምን። ከጠቅላላው ለውጥ ውስጥ ሜካኒኮቹ ያመሰገኑኝ በዚህ ነው።

ጥቅምት 2018

የመለዋወጫ ትርፍ በጣም ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ከልክ በላይ ቆንጆ። ባለቤቱ ኃላፊውን ሊሸልመው ነበር። ቆይ አልኩት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፣ ከዚያም ወጣ። መጋዘናችን ውስጥ ግን በድሮው ምንዛሪ የገባ ዕቃ ነበር፤ አሁንም አለ። ቀረጡን ትቼ በአንድ ፊልትሮ ላሳይ።

ፊልትሮው 10 ዶላር ነው። በ57 ስንገዛው 570 ብር ነበር። አሁን ዶላሩ 130 ነው እንበል፤ ያንኑ ለመግዛት 1,300 ብር ያስፈልጋል። በ2,000 ሸጥነው። መዝገቡ 1,430 ብር አተረፋችሁ ይላል። ከዚህ ላይ 30 በመቶ ግብር 429 ብር ነው። እጃችን ላይ የሚቀረው 1,571 ብር። መደርደሪያውን በ1,300 መልሰን ስንሞላ 271 ብር ብቻ ቀረ። ደሞዝና ኪራይ ገና ነው።

ይህን ሒሳብ ለባለቤቱ ሳሳየው ዝም ብሎ ደጋግሞ አነበበው። ይህን ሳያዩ ትርፍ ነው ብለው ቤት የገዙ፣ መኪና የቀየሩ፣ ከዚያ መደርደሪያቸው ባዶ የሆነባቸው ነጋዴዎች አሉ። ያሳዝነኛል። የተማርነው ሰዎች ቀድመን ልንነግራቸው የሚገባ ነገር ነው።

ለውጭ የሚቀርበው ሂሳብ አይነካም። ዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ ዕቃን በገባበት ዋጋ፣ በአማካይ ወይም መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል ብሎ ማስላትን ነው የሚፈቅደው። በውስጥ ሪፖርት ግን የመለዋወጫ ክፍል የሚለካው በመተኪያ ዋጋ ሆነ። ከፊልትሮው 700 ብሩ የእሱ ነው። የሻጭነቱ ዋጋ ነው። 730 ብሩ ወደ 90 ይሄዳል፣ «የምንዛሪ ልዩነት» ተብሎ። ይህን ማንም አልሠራበትም፣ ማንም አይሸለምበትም፣ ማንምም እንዳያወጣው ታስሮ ይቀመጣል።

በዚሁ አጋጣሚ አሥራ ሁለት ወር ያልተነካ ዕቃ ዝርዝር አወጣን። ረጅም ነው። አሁን የማንሸጣቸው ሞዴሎች ዕቃ ይበዛበታል። ገሚሱን ለጋራዦች በቅናሽ እየሸጥን ነው።

ኅዳር 2018

ይህ ወር የጊዜ ዋጋ ወር ነው።

ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና ወጪ የለውም የሚል እምነት አለ። አለው። 3 ሚሊዮን ብር የወጣበት መኪና፣ ብድሩ በ18 በመቶ ወለድ ቢሆን፣ በወር 45,000 ብር ይበላል። እስከ አሁን ወለዱ ሁሉ የጋራ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ክፍል የያዘውን ገንዘብ ወለድ ይሸከማል። ሽያጭ የቆሙትን መኪኖች፣ መለዋወጫ መጋዘኑን፣ ቦዲ ደግሞ ያልተሰበሰበውን ሂሳብ።

ቦዲን ነው የነካው። ሥራው አብዛኛው ከኢንሹራንስ ነው። ፕሮፎርማ እንሰጣለን፣ ይፈቀዳል፣ ላሜራው ይቃናል፣ ቀለም ይቀባል፣ መኪናው ይወጣል። ብሩ ይቆያል። 400,000 ብር ለአራት ወር ቢዘገይ ወለዱ 24,000 ነው። የቦዲ ኃላፊው እስከ ዛሬ ሥራ ማምጣት እንጂ ብር መሰብሰብ ሥራዬ ነው ብሎ አያውቅም። አሁን ክፍያ ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ ሐሙስ ሐሙስ ራሱ ስልክ ይደውላል። ቶሎ ለሚከፍል ኢንሹራንስ ዋጋ ቢቀንስ እንደሚያዋጣውም ራሱ አስልቶ መጣ። ወረቀቱን ፊቴ ሲያስቀምጥ የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልቻልኩም። ላሜራ እየቀጠቀጠ ያደገ ሰው ነው፤ ዛሬ የገንዘብ ጊዜ ዋጋን በራሱ ቋንቋ ያስረዳኛል።

የሽያጭ ኃላፊዋም አልተኛችም። ኤልሲ ሲገኝ ሁሉንም መኪና በአንድ ቀለም ማዘዝ አቆመች። የማይንቀሳቀሰውን ቀለም ወለዱ ነገራት።

ጥር 2018

ግማሽ ዓመቱ ተዘጋ። ሁለት ነገር ልመዝግብ።

የመጀመሪያው የሂሳብ ጉዳይ ነው። ጋራዡ ለሽያጭ በ4,800 የሠራው ምርመራ እውነተኛ ወጪው 2,400 ነው። መኪናው እስኪሸጥ ድረስ ያ 2,400 ብር ልዩነት ትርፍ አይደለም። ከአንድ ኪሳችን ወደ ሌላው ኪሳችን የሄደ ነው። አሥር ያልተሸጡ መኪኖች ቢኖሩ 24,000 ብር ከጠቅላላው ትርፍ መውጣት አለበት። የክፍሎቹ ሪፖርት ላይ ይቆያል፣ የድርጅቱ ላይ ይሰረዛል። አራቱን ክፍሎች ደምሮ የድርጅቱን ትርፍ አገኘሁ የሚል ሰው ይህን እንዳይረሳ።

ሁለተኛው ለባለቤቱ በሰኔ ላነሳሁት ጥያቄ መልስ ነው። ዶላር ሲጠፋ ቤቱን ማን ያቆማል? አሜሪካ ያሉ የመኪና ሻጮች ለዚህ የሚጠቀሙበት ስሌት አለ። የሰርቪስን፣ የመለዋወጫንና የቦዲን ያልተጣራ ትርፍ ደምሮ ለድርጅቱ ጠቅላላ ቋሚ ወጪ ማካፈል ነው። መቶ በመቶ ከደረሰ አንድም መኪና ሳይሸጥ ቤቱ ይቆማል ማለት ነው። ወጪው በወር 4 ሚሊዮን፣ የሦስቱ ትርፍ 2.8 ሚሊዮን ቢሆን 70 በመቶ ነው። ሽያጭ ባዶ በሆነበት ወር የሚጎድለው 1.2 ሚሊዮን ብቻ ይሆናል።

የእኛን ቁጥር እዚህ አልጽፍም፤ የድርጅቱ ምሥጢር ነው። ግን ባለቤቱ ካሰበው በላይ ነው። ከዚያ ስብሰባ በኋላ መጀመሪያ እንዲናገር የሚጋበዘው ፎርማኑ ሆኗል። «ጋሼ፣ ይጀምሩ» ይለዋል ባለቤቱ። የሽያጭ ኃላፊዋም አልከፋትም፤ ባለፈው ወር ኮንቴይነር ሲዘገይ ማን እንዳቆማት ሪፖርቱ ላይ አይታለች።

አሁን የሚያሳስበኝ ወደፊት ነው። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ጀምሮ የምንሸጠው ኤሌክትሪክ ነው። ጋራዡ የሚኖረው ግን ከድሮዎቹ ነው። በ20 ቁጥር ውስጥ ሁለቱን ለየሁዋቸው። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይቀይርም፣ የዘይት ፊልትሮ የለውም፣ ካንዴላ የለውም፣ ፍሬን ሸራው እንኳ የመኪናውን ፍጥነት ሞተሩ ራሱ ስለሚቀንሰው ቶሎ አያልቅም። የሚቀረው ጎማ፣ እግር፣ የኤሲ ፊልትሮ፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪና የኮምፒውተር ምርመራ ነው። ሲገጭ ግን እንደማንኛውም መኪና ነው። እንግዲህ ድሮዎቹ መንገድ ላይ እየቀነሱ ሲሄዱ የጋራዡ ድርሻ ይወርዳል፣ የቦዲ ይወጣል። ይህን በአንድ ሂሳብ ብንቆይ ኖሮ የምናየው ሲጎድለን ነበር።

ፎርማኑ ሦስት ወጣቶች የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠና እንዲወስዱ ጠይቋል። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበትን ብርቱካንማ ገመድ ያለ ጓንት የሚነካ ሰው እንዳይኖር ይፈልጋል። ወጪውን ማን ይሸከም የሚለው ተነሳ። ጋራዡ ብቻ ከተሸከመው የዘንድሮ ውጤቱ ይወርድና ሥልጠናው ይቀራል። 90 ላይ አስቀመጥኩት።

ለየካቲት የቀረኝ ቻርጀሩ ነው። ሽያጭ ለማሳያ መኪኖቹ ይሰካል፣ ጋራዡ ለደንበኛ ይሰካል፣ ከቢሮ ሠራተኞችም ማታ ማታ የሚሰኩ አሉ። ቆጣሪው አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ካርድ አሠርቼ በኪሎዋት ሰዓት እንዲከፈል ሐሳብ አቅርቤያለሁ። የሠራተኞቹ በጥቅማ ጥቅም ይያዝ ወይስ ከደሞዝ ይቆረጥ የሚለውን ሰኞ እንነጋገርበታለን።